የጋሽ ተፈራ ጋራዥ

ጩኸት የሚያማርረው አባት አጋጥሟችሁ ያውቃል? ለእኔ እግዜር ጎረቤት አድርጎ ሰጥቶኛል። እዚህ አሜሪካ፣ ጋርላንድ ከተማ፣ ግድግዳ የሚለየን ጋሽ ተፈራ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ጸሎት ብቻ ነበራቸው፤ «ይቺ ልጅ ይሄን ድራም መደብደብ የምታቆመው መቼ ይሆን?»

ልጃቸው ሊያ ከአሜሪካውያን ጓደኞቿ ጋር የሮክ ባንድ አቋቁማ መኪና የሚያድርበትን የቤቱን ጋራዥ ወርሳዋለች። መኪናቸው ደጅ ታድራለች።

ጸሎቱ ተሰማ። ባንዱ የመጀመሪያ አልበሙን አወጣና ከስቴት ስቴት እየዞረ መጫወት ጀመረ። ታዲያ ሰውዬው ደስ ሊላቸው አይገባም? እሳቸው እቴ! ያገኙትን ሰው ሁሉ መኪናቸው ውስጥ አስገብተው አልበሙን ያሰሙታል። እኔ እንኳን አራት ጊዜ ተይዣለሁ። ዘፋኙ አፉን ሲከፍት፣ «እሱን ተወው፤ ከኋላ ያለችውን ስማ» ይሉኛል።

ባለፈው ቅዳሜ እንቁላል የሚያክል በረዶ ወረደ። ሰፈርተኛው መኪናውን ለማስገባት ሲራኮት የጋሽ ተፈራ መኪና ብቻዋን ደጅ ትወገራለች።

«ጋሼ፣ ጋራዡ ባዶ አይደለም እንዴ? ያስገቧት እንጂ!» ብዬ ጮህኩ።

«ሊያ ድንገት ብትመጣስ? ድራሟን የት ልታደርግ ነው?»

በረዶው የመኪናዋን ጣሪያ ይደበድባል። ጋሽ ተፈራ በረንዳቸው ላይ ቆመው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ብዙ አዳመጡ።

«ይሄ በረዶ ምት ይስታል» አሉ በመጨረሻ። «እሷ አትስትም ነበር።»