ከጅብ ኋላ የተሰለፈው ሸለቆ

ድሮ ሦስተኛ ክፍል ሳስተምር ይህን ተረት ለልጆቹ ነግሬ መጨረሻው ላይ ዋሽቼአለሁ። ያን ቀን ርዕሰ መምህሩ ሊገመግሙኝ መጥተው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እኔም ተረቱን እሳቸውን ደስ በሚያሰኝ መንገድ ጨረስኩት። ልጆቹ አጨበጨቡ፤ እሳቸውም አጨበጨቡ። ዛሬ ግን እንደሆነው እናገራለሁ።

የዱሩና የቤቱ እንስሳ ገና ሳይለያይ፣ ጫካው ሁሉ አንድ ምክር ቤት በነበረው ዘመን፣ ዋንዛ ሸለቆ የሚባል የምርጫ ክልል ነበር። ሸለቆው ለምክር ቤቱ አንድ እንደራሴ ይልካል። እንደራሴው ቀን ቀን ተራራው ላይ ከጓደኞቹ ጋር ሕግ ያወጣል፤ ማታ ሲመለስ ደግሞ የሸለቆውን ምንጭ ይከፍታል። ያለ እሱ ምንጩ አይከፈትም፤ ውሃ የሚጠጣ ሁሉ በእሱ ፊት ያልፋል። ስለዚህ ማን ይመረጥ የሚለው ነገር ቀልድ አልነበረም።

አመራረጡ ቀላል ነው። ዕጩዎቹ ሜዳው ላይ ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ መራጩም ከወደደው ዕጩ ኋላ ይሰለፋል። ሰልፉ የረዘመለት ያሸንፋል።

በመጀመሪያው ምርጫ የተወዳደሩት ድኩላና አያ ጅቦ ነበሩ። ምርጫው ሲቃረብ በየቁጥቋጦው ሥር፣ "ድኩላ ነው የሚሻለን፤ ሣር ይበላል፣ ጨዋ ነው" ሲባባሉ ሰነበቱ። በዕለቱም ሁሉም ከድኩላ ኋላ ተሰለፉ። ጥንቸል ግን ቀና ብትል አያ ጅቦ ወገቡን አዙሮ ከድኩላ ኋላ የቆሙትን አንድ በአንድ እያየ ምራቁን ሲውጥ ተመለከተች።

"ጋሽ ከርከሮ፣" አለች በሹክሹክታ፣ "የጅብ ጥርስ በየት በኩል ነው?"

"በፊት ነዋ! ይሄ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው?"

"እንግዲያው ደህናው ቦታ በየት በኩል ነው?"

ከርከሮ ጥቂት አሰበና ሄዶ ከአያ ጅቦ ኋላ ቆመ። ጥንቸል ተከተለችው። ከዚያ በጉ፣ ከዚያ ቆቅ፣ ከዚያ ሁሉም። ድኩላ ዘወር ቢል ሚስቱ እንኳ የለችም።

"አንቺም?" አላት።

"ልጆች አሉን እኮ!" አለችው ከወዲያኛው ሰልፍ።

ድኩላ ብቻውን ከጅብ ጎን መቆሙን ያን ጊዜ አስተዋለ። ቀስ ብሎ ሄደና ከሰልፉ መጨረሻ ገባ። አያ ጅቦም በሙሉ ድምፅ ተመረጠ። ተወዳዳሪው ሳይቀር መርጦታል ተብሎ በየጫካው ዝናው ተወራ።

ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው ቀን ነው፤ ጅብ ደግሞ ቀን ይተኛል። የተከበሩ አያ ጅቦ አንድ እጁን ተንተርሶ ሌላውን ወደ ላይ አንስቶ ስለሚተኛ፣ ሕጉ ሁሉ በእሱ ድጋፍ ይጸድቅ ነበር። ማታ ግን ነቅቶ ይመጣና፣ "እስቲ መራጮቼን ላነጋግር" ይላል። ለውሃ ከመጡት አንዱን ወደ ዋሻው ይዞ ይገባል። የገባው አይወጣም።

"አያ ጅቦ፣ በጉ የት ሄደ?" ብለው ቢጠይቁት፣

"ችግሩን በሙሉ ነግሮኛል። አሁን ምንም ችግር የለበትም" አላቸው።

ሚዳቋ የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው በዚያ ዘመን ነው። ልጅቱ ውሃ ልትጠጣ እንደወጣች ቀረች።

የአያ ጅቦ የእንደራሴነት ዘመን ሲያልቅ ሽማግሌዎቹ መከሩና፣ "እንግዲህ ምርጫው በምስጢር ይሁን" አሉ። ለየዕጩው አንድ ቅል ይቀመጣል፤ መራጩ ጥሻ ውስጥ ገብቶ በወደደው ቅል ጠጠር ይጥላል። ነገር ግን ጠጠር ማንሳት ለሰኮና አይመችም። ድኩላ በአፉ ቢሞክር ዋጠው። ይህን ጊዜ እመት ጦጢት ከዛፍ ወረደች።

"እናንተ ምን አደከማችሁ? በጆሮዬ ሹክ በሉኝ፣ እኔ እጥልላችኋለሁ። እጅ እንደሆነ አለኝ።"

ደስ አላቸው። ምስጢራቸውን ሁሉ ለእሷ ሹክ አሏት። ቅሎቹ ሲገለበጡ ግን የአያ ጅቦም የድኩላም ባዶ ሆነ፤ ጠጠሩ ማንም ባላስቀመጠው በሌላ ቅል ውስጥ ተገኘ።

"ይሄ የማን ነው?" አለ ከርከሮ።

"የኔ" አለች ጦጢት።

"አንቺ እኮ አልተወዳደርሽም!"

"ይኸው ሳልወዳደር አሸነፍኩ። ብወዳደርማ አስቡት!"

እመት ጦጢት ምንጩን ከዛፍ ላይ ሆና አስተዳደረችው። ፍሬውን እየበላች ልጣጩን ወደ ታች ትጥላለች፤ "ልማት ከላይ ወደ ታች ነው የሚወርደው" ትላለች። አቤቱታ ሲበዛባት ደግሞ፣ የምርጫ ክልሉ ድንበር የትልቁ ዋንዛ ጥላ የሚደርስበት ነው ብላ አወጀች። ከርከሮ ጠዋት የክልሉ ነዋሪ ሆኖ ይነሳና ከሰዓት በኋላ ጥላው ሲዞር ውጭ ይሆናል። ሊከራከር ሲመጣ፣ "አንተ የሌላ እንደራሴ መራጭ ነህ፤ ወደዚያው አቤት በል" ትለዋለች።

ሸለቆው ተማረረ። "ይህች ከምትጫወትብን ጅቡ ይሻለን ነበር፤ እሱ እንኳ ቀን ቀን ይተኛል" ማለት ተጀመረ። አያ ጅቦ ይህን ሰምቶ እንደገና ዕጩ ሆነ። ጦጢትም ነገሩን ከላይ ሆና አየችና ወደ ሌላ ጫካ ተሻገረች። ምርጫው ወደ ጥንቱ ሰልፍ ተመለሰ።

በዚህ መካከል ሚዳቋ ሌላ ልጅ ወልዳ ነበር። ልጅቱ ከተወለደች ጀምሮ አንድ እግሯን ታነክሳለች፤ መሮጥ አትችልም። አያ ጅቦ ምንጩን ዳግመኛ ከያዘ ማንን እንደሚያስቀድም እናት ታውቃለች። ስለዚህ፣ "እኔም እወዳደራለሁ" አለች።

"እትዬ ሚዳቋ? አንቺ? ቅጠል ሲንኮሻኮሽ የምትሸሺው?" ብሎ ከርከሮ ሳቀ።

"መሸሹንስ እኔ ችዬበታለሁ" አለችው። "የማትችለው ልጄ ናት።"

ከርከሮ ሳቁን ዋጠ። ሁሉም አፈሩና እንደሚመርጧት ማሉላት። ሚዳቋም አንድ ነገር ለመነቻቸው፦ ዕጩዎቹ አፍንጫቸውን ከገደሉ ግድግዳ ጋር አስጠግተው ይቁሙ፤ ድኩላ ቆጥሮ፣ ሰልፉን በትኖ "በቃ" እስኪል ማንም ዞር አይበል። መራጩ ማንንም ሳይፈራ የልቡን ይምረጥ። አያ ጅቦ፣ "ደስ እንዳላችሁ" ብሎ ተስማማ።

የምርጫው ዕለት ሁለቱ ዕጩዎች ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ቆሙ። ትንሿ ልጅ እያነከሰች ሄዳ ከእናቷ ኋላ ተሰለፈች። ሌሎቹ ሜዳው መሃል ተጠጋግተው ቀሩ።

"በል እንጂ ቅደም" አለ ድኩላ በሹክሹክታ።

"አንተ ቅደም፤ ቀንድ ያለህ አንተ ነህ" አለ ከርከሮ።

"ጅቡ እንደሆነ አያየንም" አለች ጥንቸል፣ "ግን ማታ ምንጩ ዳር፣ ማን ከማን ኋላ ቆመ ብሎ ቢጠይቀን ከመካከላችን የማይናገር ማን ነው?"

እርስ በርስ ተያዩ። እያንዳንዱ በልቡ፣ እኔ ብቀር ሌሎቹ ይበቋታል እያለ፣ ኮቴውን ሳያሰማ ሄዶ ከአያ ጅቦ ኋላ ቆመ። ድኩላም ከመጨረሻ ገባና ሰልፉን ሳይበትን፣ "በቃ" አለ።

ሚዳቋ ዞረች። ከኋላዋ ልጇ ብቻ ነበረች።

"እማዬ!" አለች ልጅቱ ፊቷ በደስታ በርቶ፣ "ዛሬ ሁሉንም ቀደምኳቸው!"

አያ ጅቦም ዞረ። የራሱን ረጅም ሰልፍ ዓይኑ እስኪጠግብ አየ። ከዚያ ወደ ጎን ተመለከተና፣ "ያቺ የማን ናት?" ብሎ ጠየቀ። ጥንቸል ጆሮዋን አጠፈች። ከርከሮ መሬት መጫር ጀመረ። "የኛ ናት" ያለ አልተገኘም።

እናትና ልጅ ጥማቱን እስከቻሉት ቻሉት። ከዚያ ወደ ምንጩ ወረዱ። ሚዳቋ ብቻዋን ተመለሰች።

ሸለቆው በሙሉ ለቅሶ ሊደርስ መጣ። ድኩላ ቀርቦ አንገቱን ደፋና፣ "እትዬ ሚዳቋ፣ እግዜር ያጥናሽ" አላት። "ምን ይደረግ፣ ጅብ መቼም ጅብ ነው።"

ሚዳቋ ቀና ብላ አየችው።

"አያ ጅቦን አልቀየመውም፤ ርቦት ነበር" አለችው። "አንተ ግን ጠግበህ ነበር።"

እኔ ለልጆቹ የነገርኳቸው፣ ሁሉም ከሚዳቋ ኋላ ተሰለፉ፣ ጅቡም አፍሮ አገር ጥሎ ጠፋ ብዬ ነው። እነዚያ ልጆች ዛሬ ለመምረጥ ደርሰዋል። ከመካከላቸው ይህን የሚያነብ ካለ ይቅር በለኝ፤ ሌሎቻችሁም ይቅር በሉኝ።