ዓመቱን ሙሉ የምትጾመው ልጄ

በእኛ አገር አልበላም ለማለት የሚያበቃ ምክንያት አንድ ብቻ ነው፤ ጾም። ጠገብኩ ብትል ኩራት ነው። አሞኛል ብትል "ባትበላ ነዋ!" ይሉሃል። ሐኪም ከለከለኝ ካልክማ ሐኪሙም አብሮህ ይታማል። ጾም ነኝ ያልክ እንደሆነ ግን የተዘረጋ እጅ ሁሉ ይሰበሰባል።

ይህን ያስተማረችኝ ልጄ ሳሮን ናት። ሰባት ዓመቷ ነው፤ ወተትና ቅቤ አይስማማትም። አይስማማትም ስል ሆዷን ይነፋታል ማለቴ አይደለም። ከንፈሯ ያብጣል፣ ጉሮሮዋ ይዘጋል፣ ትንፋሽ ያጥራታል። ሐኪሙ አለርጂ ነው አለን። ይህን ቃል ይዤ መካነ ሰላም ውስጥ ያላንኳኳሁት በር የለም። አስተማሪዋ በትዕግሥት ካዳመጠችኝ በኋላ፣ ልጆች ተጎራርሰው ካልበሉ ፍቅር ከየት ይመጣል ብላ መከረችኝ። ጎረቤታችን ደግሞ በትንሽ በትንሹ እናለማምዳት አለችኝ። ቅቤ የማይስማማው ወሎዬ ታይቶ ይታወቃል እንዴ?

ተስፋ ስንቆርጥ ከባለቤቴ ጋር መከርንና፣ ልጅቱ ከሕመም ስለዳነች ለሚካኤል ተስለናል፣ እስክታድግ ድረስ ዓመቱን ሙሉ ትጾማለች ብለን አስወራን። ምን ልበላችሁ! የሐኪም ማስረጃ ያልከፈተው በር ወለል ብሎ ተከፈተ። አስተማሪዋ ምሳ ሰዓት ላይ ራሷ ትጠብቃት ጀመር። አጠገቧ የምትቀመጠው ዘሃራ እንኳ አይብ የያዘ እጅ ሲዘረጋ ካየች "ተዋት፣ ጾመኛ ናት፣ ሐራም ነው!" እያለች ትጮኻለች። እኔም በገዛ ብልሃቴ ተደንቄ፣ መንግሥት ምነው ሳያማክረኝ ቀረ እስከ ማለት ደርሼ ነበር።

ፋሲካን ግን ረስቼዋለሁ።

ለበዓሉ አጅባር፣ ታላቅ እህቴ እትዬ አበቡ ዘንድ ሄድን። እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የሳሮንን ሽሮ በምሳ ዕቃ ይዘን መምጣታችንን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። ጌታ ተነሥቶ፣ በዓለ ሃምሳ ገብቶ ማን ይጾማል? ቄሱ እንኳ በሚገድፍበት ቀን ልጅን ሽሮ ማብላት ምን የሚሉት ክርስትና ነው? ስለት ነው አልኳት። ስለት ከትንሣኤ አይበልጥም አለችኝ። በገዛ ሃይማኖቴ ስትረታኝ አለርጂውን ነገርኳት፤ ሰበብ የፈጠርኩ መሰላት።

ጓሮ በጉን ልገፍ ወጣሁ፤ ባለቤቴም ውኃ ልታቀብለኝ ተከተለችኝ። እትዬ አበቡ ለካ ይህንኑ ነበር የምትጠብቀው። "በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ይችን ብቻ!" ብላ ቅቤ ከጠጣው ዶሮ ወጥ አንድ ጉርሻ አጎረሰቻት።

ስንገባ ልጄ ጉሮሮዋን ይዛ ነበር። ተሸክሜያት ወደ ጤና ጣቢያው ሮጥኩ። ትንፋሿ ጆሮዬ ሥር ያፏጫል። የምቀልደው እዚህ ድረስ ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ልጄ ሞተችብኝ ብዬ ነበር።

ነርሷ መርፌ ወጋቻት። ከብዙ ጭንቅ በኋላ ትንፋሿ ተመለሰና ዐይኗን ገለጠች።

"አባ፣ እትዬ ጾሙ አልቋል ስላለችኝ እኮ ነው" አለችኝ፣ እንዳልቆጣት ፈርታ።

ያኔ አለቀስኩ።

እትዬ አበቡ ተከትላን መጥታ የጤና ጣቢያው በር ላይ ተቀምጣ ደረቷን ትደቃለች። አጠገቧ ተቀመጥኩና እውነቱን ሁሉ ዘረገፍኩት። ስለት የሚባል ነገር የለም፣ ሚካኤልም አልሰማም፣ ልጄን የሚገድላት ቅቤ ነው አልኳት። እንባዋን ጠርጋ በሐዘኔታ አየችኝ።

"አብሽር ወንድሜ፣ ደንግጠህ ነው የምትክደው" አለችኝ። "ስለቱን ሳናስፈታ ስላስገደፍኳት ነው ይሄ የመጣብን፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገ የነፍስ አባታችንን ጠርተን በወጉ እናስፈታዋለን።"

ከዚያ ትከሻዬን ዳበስ ዳበስ አደረገችና፣ የሳሮን ቅቤ ለብቻው ተነጥሮ መቀመጡን ነገረችኝ።