ሊንዳን ልፈትን ብዬ የሞትኩበት ሰኞ

ከዚህ በታች ከጻፍኩት ውስጥ አንዲት ቃል ዋሽቼ ከተገኘሁ ዕድሜዬን ያሳጥረው። ሰባ አራት ዓመት የኖረ ሽማግሌ በዕድሜው ሲምል ምን አስያዘ ትሉ ይሆናል። ተሳስታችኋል። ሸንኮራ የሚጣፍጠው ወደ ሥሩ ነው፤ የቀረችኝ ቁራጭ እስካሁን ካላመጥኩት ሁሉ ትበልጥብኛለች።

የሰው ልጅ ነገር ይገርመኛል። ገበያ ወርዶ አንዲት ዶሮ ሲገዛ እዩት። አንጠልጥሎ ይመዝናታል፣ ላባዋን እፍ ብሎ ቆዳዋን ያያል፣ ሻጩን እስከ ሰባት ቤት ድረስ ይመረምራል። ይኸው ሰው የማይዳሰስ፣ የማይሸተት፣ የማይጮህ ነገር ግዛ ሲሉት ግን ዓይኑን ጨፍኖ ኪሱን ይከፍታል። ለምን ቢባል፣ ዶሮዋማ በሦስት ሳምንት ስድስት ዶሮ እሆንልሃለሁ ብላ አልማለችለትም!

እኔ ጡረታ የወጣሁ የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ። ከዲላ ገደብ ከተማ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቡና ጭኜ ተመላልሻለሁ። የመንገዱን ጉድጓዶች በየስማቸው አውቃቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹንማ ክርስትና ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። አሁን የሰፈራችን እድር ሰብሳቢ ሆኛለሁ። ትንሽ ሹመት እንዳትመስላችሁ። በእኔ ዕድሜ ከእድር የሚበልጥ መንግሥት የለም፤ ያለ እኔ ፊርማ ደግሞ ከእድሩ ገንዘብ ሰባራ ሳንቲም አትወጣም።

ይህ እድር ስንት ዓመት አጠራቅሞ ሦስት መቶ ሺህ ብር ይዟል። አዲስ ድንኳን ሊገዛበት ነው። አሮጌው ድንኳን አንድ ሐሙስ ነው የቀረው። ባለፈው ክረምት አንድ ለቀስተኛ ድንኳኑ ውስጥ ዣንጥላ ዘርግቶ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ከሰው ዓይን ከወረደው ከጣሪያው የወረደው ይበልጥ ነበር። ዓሣ ሲዋኝበት አየሁ ግን አልልም፤ ምያለሁና።

እንግዲህ አንድ እሁድ በስብሰባችን መካከል የእድሩ ጸሐፊ ጌታቸው ተነሳ። ጌታቸው በመዝገብ ቤት ሠራተኛነት ጡረታ የወጣ፣ ከእኔ አሥር ዓመት የሚያንስ፣ ትልቅ ስልክ የያዘ ሰው ነው። «ወገኖቼ፣ ድንኳን ምን ያደርግልናል? አዳራሽ እንሠራለን!» አለ። በቴሌግራም ሚስ ሊንዳ የምትባል የክሪፕቶ አስተማሪ አለች። አሥር ሺህ ብር አስገብቶ በሦስት ሳምንት ስድሳ አራት ሺህ ሆኖለታል። ውሸት እንዳይመስለን ደግሞ በመጀመሪያው ሳምንት አምስት መቶ ብር አውጪልኝ ብሏት በአምስት ደቂቃ ልካለታለች።

ስልኩ እንደ ሙሽራ ቀለበት ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ቁጥሩ አረንጓዴ ነው፣ ዓይናችን እያየ ይጨምራል። የሊንዳ ፎቶም አለ፤ ጥርሷ ብቻውን የሰፈራችንን የመንገድ መብራት ይተካል። ዕድሉ ሰኞ ማታ ይዘጋል መባሉን ስንሰማ ደግሞ ሁላችንም ወንበራችን ላይ መቀመጥ አቃተን። አምስት መቶዋን የጠረጠረ የለም። ወጥመድ ላይ የምትቀመጠውም ሥጋ እውነተኛ ሥጋ መሆኗን በዚያ ሰዓት ማን ያስታውስ? እጅ አውጡ ሲባል ጉባኤው በሙሉ አወጣ። የእኔ እጅ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች እንበል።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ገንዘቡን ልናስተላልፍ ሦስታችን ጌታቸው ቤት ተቀመጥን፤ እኔ፣ ጌታቸውና የእድሩ ገንዘብ ያዥ ወይዘሮ አልማዝ። አልማዝ ጪጩ ገበያ ላይ እሸት ቡና ስትገዛ ያረጀች ነጋዴ ናት። እሷም ጌታቸውም ፈርመዋል፤ የቀረው የእኔ ፊርማ ብቻ ነው። ብዕሬን ሳነሳ አልማዝ ወረቀቱ ላይ እጇን ጫነች።

«ጋሽ ደምሴ፣ ትናንት እንቅልፍ አልወሰደኝም» አለችኝ። «እኔ እሸት ስገዛ ውሃ ውስጥ እከተዋለሁ። ፍሬ ያለው ይሰምጣል፣ ባዶው ይንሳፈፋል። ይቺን ሴትዮ በምን ውሃ እንክተታት?»

ብዕሬ አየር ላይ ቀረች። እውነቷን ነው! እድርተኛ ደግሞ ነገርን የሚፈትንበት አንድ ውሃ ብቻ አለው፤ እሱም ሞት ነው። በእኛ ደንብ ሰው ሲሞት ገንዘቡ አስከሬኑ ሳይታጠብ ቤቱ ይደርሳል። ነገ ተመለሱ የለ፣ ቀድማችሁ ክፈሉ የለ። ሊንዳ ከእኛ አሮጌ እድር የምትሻል ከሆነ ለምን በዚሁ አትታይም?

«ጌታቸው፣ ግደለኝና ጻፍላት» አልኩት።

«ኧረ ጋሼ፣ አያሟርቱ!» ብሎ አማተበ። አልማዝ ግን «እሳቸው ከፈቀዱ አንተን ምን ጨነቀህ፣ ጻፍ እንጂ!» አለችው። አፈጣጠኗ እስከ ዛሬ ቅር ይለኛል።

ጻፈ። «የእድራችን ሰብሳቢ ጋሽ ደምሴ ዛሬ አርፈዋል። ለቀብር ስለሚያስፈልግ ገንዘቤ በሙሉ አሁኑኑ ይላክልኝ።»

መልሱ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። መጀመሪያ አበባ መጣ፣ ቀጥሎ የሚያለቅስ ፊት መጣ። ልቧ እንደተሰበረ ጻፈች። ከዘመዶቼ መካከል እንደሷ ያዘነልኝ አልነበረም። ከሐዘኑ በታች ግን ገንዘቡን ለማውጣት አስቀድሞ ሃያ በመቶ ቀረጥ መክፈል ግድ መሆኑን ገልጻ፣ በአንድ በማናውቀው ሰው ስም የተከፈተ የሒሳብ ቁጥር አስቀመጠች።

«ከራሱ ላይ ቀንሳ የቀረውን ትላክ በላት!» አለች አልማዝ። ጠየቃት። ሲስተሙ አይፈቅድም የሚል መጣ። አልማዝ ሳቀች። «አሥሩን ስድሳ አራት ማድረግ የሚችል ሲስተም መቀነስ ያቅተዋል? መደመሩን ብቻ ነው እንዴ የተማረው?»

ጌታቸው ላብ በላብ ሆኖ «ሬሳ ተጋድሟል እኮ!» ብሎ ጻፈላት። የመለሰችውን እስክሞት አልረሳውም፤ ለሁለተኛ ጊዜ እስክሞት ማለቴ ነው። የእድሩን ሦስት መቶ ሺህ ዛሬ ካስገባችሁ ቀረጡ ይነሳላችኋል፣ ቶሎ በሉ፣ ማታ ይዘጋል አለች። እኔ ተጋድሜ እሷ ድንኳኔን!

አልማዝ የተፈረመውን ወረቀት አራት ቦታ ቀደደችው። «ተንሳፈፈች» አለች። ጌታቸውም እልህ ይዞት ለፖሊስ እናገራለሁ ብሎ ሲጽፍ ሊንዳ ከነጥርሷ፣ ስድሳ አራት ሺሁም ከነአረንጓዴው ብን ብሎ ጠፋ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ከዚያ ቤት ስወጣ ሃያ ኩንታል ከጀርባዬ የወረደልኝ መሰለኝ። የሰው ሁሉ መቀበሪያ በአንዲት የብዕር ጫፍ ነበር የተረፈው። እያፏጨሁ ሰፈሬ ስደርስ የእድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ሰማሁ። ተናደድኩ። ለሰብሳቢው ሳይነገረው ሰው ይሞታል? ቆጮ ተሸክማ የምትጣደፍ አንዲት ሴት አገኘሁ።

«የኔ እናት፣ ማን ሞተ?»

«ደምሴ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፣ አባቴ።»

ደምሴማ እኔ ነኝ። ቢሆንም እንዲህ ያለ ዕድል ሁለት ጊዜ አይገኝምና «ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አልኳት።

«እኔ እንኳ ለሰፈሩ እንግዳ ነኝ። ወሬ ያበዙ ነበር ይላሉ። ነፍስ ይማር።»

«ይማር» አልኩ። ምን ልበል ታዲያ?

ነገሩ በኋላ ተጣራ። የጌታቸው አውራ ጣት የድፎ ዳቦ ያህል ናት። መልእክቷን መጀመሪያ የላከው ከሊንዳ ስም በላይ ወዳለው የእድራችን የቴሌግራም ቡድን ኖሯል። ጥሩምባ ነፊያችን ጂግሶ ደግሞ ሥራውን የሚያከብር ሰው ነው፤ ባጃጅ ተሳፍሮ እየነፋ ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞረ።

ግቢዬ ስገባ አሮጌው ድንኳን ተተክሏል። ባለቤቴ አስቴር ነጠላዋን አገልድማ ታለቅሳለች። እኔን ሲያዩ ለቅሶው በአንድ ጊዜ ቆመ፤ ቀጥሎ ወንበር ወደቀ፣ ሰው በሰው ላይ ወጣ። በከዘራ የሚሄደው ጎረቤቴ አጥሩን ዘሎ አለፈ፤ አጥሩ ከእኔ ቁመት ይበልጣል። አስቴር ብቻ አልሸሸችም። መጥታ ጆሮዬን ቆነጠጠች፣ መሞቁን አረጋገጠች፣ ከዚያ ደግሞ በሌላኛው እጇ ጥፊ አቀመሰችኝ። እህቴ ከይርጋጨፌ በአውቶቡስ ስትበር ደርሳ በቁሜ ስታገኘኝ ይባስ ተቆጣች። «ተሳፋሪውን በሙሉ ሳስለቅስ ነው የመጣሁት! ቢያንስ ታመም እንጂ!»

እድራችን ከተመሠረተ ጀምሮ እንዲህ ያለ ሙሉ ስብሰባ ተደርጎ አያውቅም። ወንበር ላይ ወጥቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። አስከሬን ተጋድሞም ቢሆን ገንዘብህን ለማውጣት አስቀድመህ ክፈል የሚል ሁሉ ሊንዳ ነው፤ ጢም ቢኖረውም፣ ዶክተር ነኝ ቢልም ሊንዳ ነው አልኳቸው። በዚያው ዝናቡ መጣ፣ ድንኳኑም እንደልማዱ አወረደው። አዲስ ድንኳን እንዲገዛ ጉባኤው ውሃ እየጠጣ በአንድ ድምፅ ወሰነ። የመጣው ቆጮም አልተረፈም፤ በገዛ ለቅሶዬ ላይ ሁለት ጊዜ አስጨመርኩ።

አሁን ስለማልኩ ብቻ አንድ ነገር ልናዘዝ። ከላይ ካለው ውስጥ አንዲት ትንሽ ነገር ፈጥሬያለሁ። ያ አሥር ሺህ ብር የጌታቸው አልነበረም፤ የእኔ ነበር። ስልኬ መደወልና መስማት ብቻ የምታውቅ ስለሆነች በእሱ ስልክ ያስገባሁት፣ እሁድም ተነስተህ ተናገር ብዬ ጎኑን የጎሸምኩት እኔው ነኝ። አስቴር እስከ ዛሬ በጌታቸው ሞኝነት ትስቃለች፤ እሱም አብሯት ይስቃል። ዝምታው ግን በነጻ አይደለም፤ በየቅዳሜው ግማሽ ኪሎ ጥብስ እጋብዘዋለሁ። ያለፈው ቅዳሜ እጄ አጥሮኝ ይህችን ሳምንት እለፈኝ ብለው፣ ፈገግ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ሲስተሙ አይፈቅድም» አለኝ።