ሊቀ ቁልቁለት ተስፋልደት

በዚህች አገር መንገድ አላውቅም የሚል ሰው አልተወለደም። ጎዳና ላይ ያገኛችሁትን የመጀመሪያ ሰው አንድ ቦታ ጠይቁት። ስሙን ሰምቶት ባያውቅ እንኳን እጁን ዘርግቶ "ቀጥ ብለህ ሂድ፣ እዚያው ነው" ይላችኋል። ቀጥ ብላችሁ ትሄዳላችሁ፤ እዚያ ምንም የለም። ሰውየው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ የጠየቀውን ሰው ባዶ እጁን መሸኘት ነውር መስሎት ነው።

ከዚህ ወገን ሁሉ የከፋው ግን ሳይክል ይዞ ከፊት የሚሄደው ነው። እግረኛው የሚያሳስታችሁ ከተማ ውስጥ ስለሆነ ታክሲ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ፤ ሳይክለኛው የሚያሳስታችሁ ተራራ ላይ ነው። የእኛ የፒያሳዎቹ ሳይክለኛ ክቡር ጋሽ ተስፋልደት ነበሩ። ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው። ከራስ መኮንን ድልድይ ከፍ ብሎ በነበረች አንዲት ጠባብ ቤት ሳይክል ይጠግኑ ነበር፤ እሁድ እሁድ ደግሞ ሦስታችንን አስከትለው ተራራ ያስወጡን ነበር። ሦስታችን ማለት ወርቅ ሠሪው ሙኒር፣ መድኃኒት ቤት የምትሠራው ረይሀና፣ እና ቢሮ ተቀምጬ የማረጀው እኔ ነን። ሊቀ ቁልቁለት የሚለውን ማዕረግ የሰጠቻቸው ረይሀና ናት።

ማዕረጉ ያለ ምክንያት አልተሰጠም። ጋሽ ተስፋልደት በየዳገቱ ሥር ቆመው፣ ላባቸውን በእጅጌያቸው ጠርገው፣ "ከዚህ በኋላ ቁልቁለት ነው" ይላሉ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በመጀመሪያው እሁድ ይህንን ያሉን ስድስት ኪሎ ላይ ነበር፤ እኔም የዋህ ስለነበርኩ አመንኳቸው። ሽሮ ሜዳ ላይ ሳንባዬ በአፌ ሊወጣ ሲደርስ፣ ይህ ምን ዓይነት ቁልቁለት ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ታዝበውኝ ዞሩ። "ስሙን አትሰማም እንዴ? ሜዳ እኮ ነው የሚባለው" አሉኝ። ከዚያ እስከ እንጦጦ ማርያም ድረስ መልስ ሳፈላልግ ወጣሁ።

ሙኒር ስልኩ ላይ ካርታ ነበረው። ዳገቱን በቀይ መስመር እያሳየ ሊከራከራቸው ሲሞክር፣ ካርታውን የሠራው ሰው እንጦጦን በእግሩ ረግጧት እንደሁ ይጠይቁታል። ስልኩ ባትሪው የሚያልቅበትን ሰዓት እንጂ መንገዱ የሚያልቅበትን አያውቅም ይሉታል። አንድ ጊዜ ከእንጦጦ ጀርባ ጭጋግ ውስጥ ጠፍተን፣ ከብት የሚነዱ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ጋሽ ተስፋልደት በተሰባበረ ኦሮምኛ ሱሉልታ ስንት ይቀረዋል ብለው ጠየቁ። ሽማግሌው "ፈጎ" አሉ፣ ደግመውም "ፈጎ" አሉ። ሊቀ ቁልቁለት ወደ እኛ ዞረው ቅርብ ነው ማለታቸው ነው ብለው ተረጎሙልን። ፈጎ ሩቅ ማለት መሆኑን ሦስታችንም እናውቅ ነበር። ግን ማን አፉን ይክፈት? ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝናብ ሲወርድብን እሳቸው ከፊት ሆነው ያፏጩ ነበር።

ሲደክመን ወርደን መግፋት ደግሞ አይፈቀድም። "ሳይክል የሚገፋ ሰው ጋሪ ይግዛ" ይላሉ። ይህ ሕጋቸው ነው፣ ይግባኝ የለውም። ሙኒር ሕጉን አክብሮ አንድ ቀጥ ያለ መውረጃ ላይ ከሳይክሉ ሳይወርድ ቀርቶ፣ የተቆረጠ ባሕር ዛፍ ጉቶ ላይ ተፈጥፍጦ የግራ ትከሻው ወለቀ። ወርቅ ሠሪ ሰው ሁለት ወር ያለ ሥራ ተቀመጠ። ጋሽ ተስፋልደት ሊጠይቁት በሄዱ ጊዜ ከበሽተኛው በፊት ሳይክሉን አዩ፤ የፊት ጎማው መጣመሙን ሲያውቁ ዓይናቸው እንባ ማቅረሩን የሙኒር እናት እስከ ዛሬ ይቅር አላሏቸውም።

እንዲህ ከሆነ ለምን ትከተሏቸው ነበር ትሉኛላችሁ። ባሕር ዛፉን ጨርሳችሁ ከኋላ ስትወጡ፣ የሱሉልታ ሜዳ በአንድ ጊዜ ይዘረጋል። አጥር የለው፣ ቤት የለው፣ ነፋስና ሣር ብቻ ነው። እዚያ ስንደርስ ፍሬን ለቀን፣ አፋችን ተከፍቶ፣ በሳምንት አንድ ቀን ሰው እንሆን ነበር። በመጀመሪያው እሁድ እውነቱ ተነግሮኝ ቢሆን ኖሮ ያንን ሜዳ ሳላየው እሞት ነበር።

ከዚያ ሰፈራችን ፈረሰ። እንዴት እንደፈረሰ እናንተም አይታችኋል፣ እኔም ማውራት ሰልችቶኛል። ዕቃ ስንጭን በነበረበት ቀን ጋሽ ተስፋልደት የጥገና ቤታቸውን በር ነቅለው ግድግዳ ላይ አስደግፈው፣ ከቤት ቤት እየዞሩ ሰው ያጽናኑ ነበር። ረይሀና እናቷ በተወለዱበት ቤት ደጃፍ ላይ ፍራሽ እየጠቀለለች ነው። አጠገቧ ቆሙና የለመዱትን አሏት።

"ከዚህ በኋላ ቁልቁለት ነው፣ ልጄ።"

"እሱማ ይታየኛል፣ ጋሼ" አለች።

አንገታቸውን ደፉ። ቃሉ ሁለት ፊት እንዳለው ያን ዕለት የገባቸው ይመስለኛል። ፍራሹን በሌላው በኩል ይዘው አገዟት።

ተበታተንን። ሙኒር ወደ ምሥራቅ፣ ረይሀና ወደ ምዕራብ፣ እኔ የማልወደው ቦታ፣ ጋሽ ተስፋልደት ደግሞ ከተማው በደቡብ ከሚያልቅበት ከኮዬ፣ አራተኛ ፎቅ። ሊቀ ቁልቁለት ግን አዋጅ አወጡ፤ እሁድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ የጥገና ቤቷ በነበረችበት፣ ፍርስራሹን የከለለው ቆርቆሮ አጥር ጋ እንገናኛለን። ከኮዬ እስከ ፒያሳ እንዴት ይመጣሉ ስንላቸው ሜዳ ነው አሉን። የመጀመሪያውን ወር ሄድን። ከዚያ ሙኒር ሠርግ በዛበት፣ ረይሀና ተረኛ ሆነች፣ እኔ ደግሞ ወገቤን አመመኝ። ወገቤን አላመመኝም ነበር። እዚያ ቆርቆሮ ሥር መቆም ነው ያቃተኝ፣ ያለፍኩበት ሁሉ ያናድደኝ ነበር።

ሦስት ወር እንዲህ አለፈ። በመጨረሻ ሦስታችን በስልክ ተነጋግረን ነገሩ ይቅር አልን። እሳቸውም ሁለት ሦስት ጊዜ መጥተው፣ ሰው ሲያጡ ትተውታል ብለን ገምተን ነበር። ግን እርግጠኛ አልነበርንም፤ በዕድሜ የሚበልጡንን ሰው በስልክ ማሰናበት ደግሞ ነውር ስለሆነ እኔ በአካል እንድነግራቸው ተላክሁ። ሳይክሌን እንኳን አልያዝኩም፣ እሁድ ጠዋት በሚኒባስ ወደ ቆርቆሮው ሄድኩ።

ቸርችል ጎዳናን ስንወጣ በመስኮት አየኋቸው። ሳይክላቸውን በእጃቸው እየገፉ ነበር። ያ ሕግ አውጪ፣ ያ ይግባኝ የሌለው ሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይገፋሉ። አሥር እርምጃ ይሄዱና ቆመው መሪው ላይ ይደገፋሉ። ከኮዬ በቃሊቲ፣ በሳሪስ፣ በለገሃር፣ ያንን ሁሉ መንገድ ዳገት ለዳገት መጥተው ማለት ነው። ሚኒባሱ አለፋቸው፣ እኔም እንዳያዩኝ ጎንበስ አልኩ። አፈርኩ። በእሳቸው መስሎኝ ነበር፣ በራሴ ነው።

ቆርቆሮው ጋ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ጥጉ ላይ ሲደርሱ ሳይክሉ ላይ ወጥተው፣ ፊታቸውን ጠርገው፣ እያፏጩ መጡ። ሲያዩኝ ፊታቸው በራ፤ ያንን ፊት አይቼ መልእክቴን ለሌላ ጊዜ አስተላለፍኩት። ሳይክልህስ አሉኝ። ተበላሽቷል አልኳቸው። ዓይናቸው ጠበብ አለ፣ ምኑ ነው፣ ካቴናው ነው ወይስ ማርሹ ብለው ሊመረምሩኝ ሲሉ፣ ጨዋታውን ለመቀየር ዛሬ አዲሱን ቤትዎን ያሳዩኝ፣ ሳይክሉን በሚኒባስ ጣሪያ ፖርቶመጋላ ላይ እንጫነው አልኩ።

"ምን ታክሲ ያስፈልጋል?" አሉ። "ስመለስ እኮ ቁልቁለት ነው።"

ብለው ቀጥ አሉ። መመለሻው ቁልቁለት ከሆነ መምጫው ምን እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ቆርቆሮውን አዩ፣ እኔ ጫማዬን አየሁ። ቆይተው "እሺ ይጫን" አሉ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እሺ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው።

ኮዬ ስንደርስ ሳይክሉን ፊትና ኋላ ይዘን አራት ፎቅ ወጣን። በሩን የከፈቱት ባለቤታቸው እትዬ ትርሓስ ናቸው። አቅፈው ሳሙኝ፣ አስቀመጡኝ፣ ምሳ ካልበላህ አትሄድም አሉኝ። ዛሬ ቶሎ ተመለሳችሁ፣ ሙኒርና ረይሀናስ የት ቀሩ ብለው ጠየቁ። ጋሽ ተስፋልደት ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው ምንም ያልሆነውን ካቴና በጨርቅ መጠራረግ ጀመሩ። እኔ ገና አልገባኝም ነበር። እትዬ ትርሓስ አጠገቤ ተቀምጠው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ወደይ፣ ልጄ፣ እጅህ እንዴት ሆነልህ? ባለፈው እሁድ ሱሉልታ ላይ ወደቀ ብሎ ሲነግረኝ እንቅልፍ አልወሰደኝም።"

ባለፈው እሁድ እስከ ስድስት ሰዓት ተኝቼ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረውም፣ ከዚያም በፊት በነበረው። እሳቸው ግን በየሳምንቱ ቆርቆሮ ሥር ብቻቸውን ቆመው፣ ጠብቀው፣ ተመልሰው፣ ሚስታቸው እንዳያዝኑ እኛን ሦስታችንን ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሲያስነዱን ኖረዋል። ሲያሻቸውም ከሳይክል ላይ ጥለውናል። ጋሽ ተስፋልደትን አየሁ። ቀና አላሉም፣ ጨርቁን የያዘው እጃቸው ግን ቆሟል።

"ተሽሎኛል፣ እትዬ" አልኩ፣ ግራ እጄን አንስቼ እያገላበጥኩ። "ድንጋይ ነበር። ቀስ በል ብለውኝ ነበር፣ አልሰማኋቸውም። ሙኒርና ረይሀና ደግሞ የፊታችን እሁድ እዚሁ ይመጣሉ፣ መነሻችን ከዚህ ሆኗል።"

እትዬ ትርሓስ እጄን ይዘው ትክ ብለው አዩት።

"ቀኙ ነው ያለኝ መስሎኝ።"

"ግራውን ነው ያልኩሽ" አሉ ጋሽ ተስፋልደት፣ ከወለሉ ሳይነሡ።

እትዬ ትርሓስ ቅባት አምጥተው ግራ እጄን ያሹልኝ ጀመር፣ እኔም ሲነኩኝ ትንሽ አመመኝ።