ከጭድ ፍራሽ እስከ ፒራሚድ

ጅምናስቲክን የፈለሰፈው ሰው አማት አልነበረውም። ማስረጃ አምጣ ካላችሁኝ... እነሆ ወገቤ!

በደርግ ጊዜ ነው። እኔ ቢቸና አስተማሪ፣ ባለቤቴ ሞጣ አስተማሪ። ትዳራችን በደብዳቤና በጭነት መኪና የሚካሄድ ነበር። ዝውውር በጠየቅሁ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፤ "አብዮቱ ባለህበት ይፈልግሃል።" ሚስቴም ትፈልገኝ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ እሷ ማኅተም የላትም!

አንድ ቀን የአውራጃው ካድሬ ሰበሰበንና ለአብዮት በዓል የጅምናስቲክ ትርኢት እንድናሳይ አዘዘ። እኔን ነጥሎ፣ "ጓድ፣ ንግግሬ እስኪያልቅ ፒራሚዱ ከቆመ፣ የሞጣ ዝውውርህን እፈርማለሁ" አለኝ።

ፒራሚድ ማለት፣ ሦስት ሰው በእጁና በጉልበቱ ይንበረከካል፤ ሁለት ከላያቸው ይወጣሉ፤ አንዱ ባንዲራ ይዞ ከሁሉም በላይ ይቆማል። ድንጋይ ሞልቶ በተረፈበት አገር በሰው መገንባት!

የስፖርት አስተማሪያችን ታደለ፣ ከድሬዳዋ የተመደበ፣ አጥንት ያልተፈጠረለት ወጣት ነው። ጭድ በጠቀጠቀበት ፍራሽ ላይ በግልብጦሽ ጀመረን።

"ጋሼ፣ አገጭህን ደረትህ ላይ ለጥፍና ተንከባለል!"

"ደረቴን ሆዴ ይዞብኛል!"

"አቦ፣ ኳስ ሁን በቃ!"

"ኳስ ከሆንሁማ ቆየሁ፤ መንከባለሉ ነው የቸገረኝ!"

የመጀመሪያ ቀን በአንገቴ ቆምሁ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ወለል ወለሉን እያየሁ አስተማርሁ፤ ተማሪዎቼ ትሕትና መሰላቸው። በሁለተኛው ሳምንት ግን ተገለበጥሁ! ወደ ጎን ነው፣ ቢሆንም ተገለበጥሁ። በየስብሰባው ሲገለባበጥ ይውል ከነበረው ሰው እኔ እሻላለሁ፤ እኔ እንኳ ፍራሽ አንጥፌ ነው።

ታደለ የኋላ ኋላ ከታች፣ መሃል አደረገኝ። "ጋሼ፣ መሠረቱ አንተ ነህ። ሰማይ ቢደፋ እንዳትነቃነቅ!"

በዓሉ ደረሰ። ካድሬው ከመድረኩ ላይ ንግግሩን ጀመረ፤ ፒራሚዱም ቆመ! የሒሳብ አስተማሪው ጉልበት ጀርባዬን ይቆፍራል፣ ላብ ዓይኔን ያቃጥላል፤ እኔ ግን በልቤ ሞጣ ገብቼ ጫማዬን አውልቄአለሁ። "በመጨረሻም ጓዶች..." ሲል ሰማሁ። ተፈረመልኝ አልሁ!

ይኼኔ ሕዝቡ መንገድ ከፈተ። ነጭ ጥምጥም፣ ነጭ ጋቢ፣ መቋሚያ... አማቴ መሪጌታ! የዝውውሩን ነገር በዓይናቸው ሊያዩ ከሞጣ ድረስ መጥተዋል። ፊት ለፊቴ ቆሙ።

እስቲ ፍረዱኝ! እኛ አገር ትልቅ ሰው ሲመጣ እግር ጭንቅላትን አያማክርም።

"ኖር!" ብዬ ብድግ አልሁ።

አምስት አስተማሪና አንድ ባንዲራ መሬት ላይ ተዘረገፉ። አማቴ ደንግጠው እጃቸውን እያርገበገቡ፣ "በእግዜር! ኧረ በማርያም አትነሡ፣ አትነሡ!" አሉ።

ማን ሊነሣ!

ከሰዓት በኋላ ካድሬው ቢሮ አስጠራኝ። "ለፊውዳል ርዝራዥ ብለህ አብዮታዊ ፒራሚድ ታፈርሳለህ? ዝውውርህን እርሳው!"

"ጓድ፣ ጥፋቴን አምናለሁ" አልሁት። "ግን ብድግ ስል ፊቴ ወደ መድረኩ ነበር።"

"እና?"

"እርስዎም ኮፍያዎን ብብትዎ ውስጥ ሸጉጠው፣ ለአማቴ ጎንበስ ብለው እጅ ሲነሡ አይቻለሁ።"

ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

"ሌላ ማን አየ?"

"ማንም። ሕዝቡ የእኛን አወዳደቅ ነበር የሚያየው።"

እስክሪብቶውን አወጣ። "ነገ ጧት በመጀመሪያው መኪና ትሄዳለህ። ቢቸና ዳግመኛ እንዳላይህ!" ብሎ ፈረመ።

እንግዲህ ጅምናስቲክ ጀማሪዎች ሆይ፣ አሠልጣኛችሁ አገጫችሁን ደረታችሁ ላይ ለጥፉ ቢላችሁ አትስሙት። ቀና በሉና መድረኩን እዩ!