መኪናዬን አዝዬ ሐረጎን የወጣሁ ዕለት

ወላሂ የምነግራችሁ ነገር ቅንጣት ውሸት የለበትም። ያላመነኝ ኮምቦልቻ ይምጣና ጋራዡን ሁሉ ይጠይቅ። ትናንት ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይዋ አናት በምትበሳበት ሰዓት፣ ከመኪናዬ ሥር ካርቶን አንጥፌ ጋደም ባልኩበት ሕልም አየሁ።

መኪናዬ አልኩ እንጂ የእኔ አይደለችም፤ የእትዬ ሩቅያ ናት። እኔ ሾፌሯ ነኝ። ሞተሯ ወርዶ፣ ታድሶ፣ ከተገጠመ ገና ቅርብ ጊዜው ነው። ጋራዥ ውስጥ ስትነሳ ድምፅዋ ያምራል። ደሴ ልትወጣ ሐረጎ ዳገት መሐል ስትደርስ ግን ናፍጣ አይደርሳትም፤ ትንገጫገጭ፣ ትንገጫገጭና ቀጥ። መካኒኩ ታረቀኝ ፊልትሮ ቀየረ፣ የናፍጣ ፓምፑን ፈትቶ ገጠመ፣ ከመስመሩ አየር አስወጣ። ጋራዥ ውስጥ የግፊት መለኪያውን ሲሰካው መርፌው ደረቱን ነፍቶ ይቆማል። ሐረጎ ላይ እንደገና ቀጥ። ትናንት ጠዋትም ተጎትተን ነው የተመለስነው።

እትዬ ሩቅያ ታከታቸው። «ስማ እንድሪስ፣ ዛሬ ካልወጣች የታመመው መኪናዋ ሳትሆን አንተ ነህ። ቁልፉን ለእህቴ ባል ለይመር እሰጠዋለሁ» አሉኝ። ይመር ማለት ፍሬን ሲይዝ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ነው። እኔ ደግሞ ከዚያች ወንበር ሌላ የምቀመጥበት ቦታ በዓለም ላይ የለኝም።

እንግዲህ ሕልሙ።

ማደያ ሄድኩ። መኪና አልተሰለፈም። የተሰለፈው ናፍጣው ነው። ጀሪካኑና በርሜሉ በአስፋልቱ ዳር ተደርድሮ መኪና ይጠብቃል። ሰልፉ መሐል የቆመ አንድ ዝገታም በርሜል ብስጭት ብሏል።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«መኪና የለም ይሉናል! ቅድም አንዲት ሚኒባስ መጣች፤ የምታውቃቸውን ብቻ ጠጥታ በጓሮ ወጣች። እኛ ሰው የለን፣ ምን እናድርግ?»

አንድ አውቶቡስ አለፈ። ወንበሩ ላይ በጎች ተቀምጠዋል። ተሳፋሪዎቹ እጅና እግራቸው ተጠፍሮ ጣሪያው ላይ ተጭነዋል። አንድ ሙክት በመስኮት አንገቱን አውጥቶ «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ጣሪያው ላይ የታሰረ ሰውዬ ክራቫቱ በነፋስ እየተውለበለበ፣ «ወንድም፣ በዓሉ መቼ ነው?» አለኝ። እንዴት ብዬ ልንገረው?

ከዚያ መኪናዬ መጣች። በኋላ ጎማዋ ቆማ ነው የምትሄደው። ነጠላ ደርባለች።

«ተነስ እንድሪስ! ጭነት አለብን» አለችኝና ጀርባዬ ላይ ጉብ አለች።

እዚያ አገር መኪናን የሚያዝለው ሰው ነው። ሰው ደግሞ የሚሠራው በአጥሚት ነው። በአፌ በቀይ ማንቆርቆሪያ ሞሉኝ። ከሆዴ አንድ ቱቦ ይወጣና ወደ እግሮቼ ይወርዳል፤ አጥሚቱ ሲደርሳቸው ይራመዳሉ። ሞልተው ሲጨርሱ ፊቴ ላይ የብረት ክዳን ገጠሙ፣ ዙሪያውን በላስቲክ ጠቀጠቁ፣ ጓጉንቸር ቆለፉበት።

«ይሄ ለምንድን ነው?» አልኩ።

«ሰው አይታመንም» አለች መኪናዬ። «መንገድ ላይ አጥሚቱን ቀድቶ ይሸጠዋል።»

በተቆለፈ አፍ እንዴት እንደተናገርኩ አትጠይቁኝ። ሕልም ነው።

ጉዞ ጀመርን። አንዲት አህያ ትራፊክ ፉጨቷን ነፍታ አስቆመችኝ።

«ጡሩንባህ የታለ?»

«ኧረ እኔ ሰው ነኝ።»

«እሱንማ አየሁ። የምቀጣህም ለእሱ ነው።»

ሜዳው ላይ ደህና ነበርኩ። ሐረጎን ስጀምር ሆዴ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ጀመር። አጥሚት አለኝ፤ ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል። ወደ እግሬ ግን አይወርድም። ዳገቱ መሐል ስደርስ ሆዴ ከጀርባዬ ተጣበቀ፣ እግሬ ተንገጫገጨ፣ ቀጥ። መኪናዬ ከላዬ ሳትወርድ «ሰነፍ!» አለችኝ።

ጎትተው ጋራዥ አስገቡኝ። መካኒኮቹ መኪኖች ናቸው። አለቃቸው አንድ ሽማግሌ ኤንትሬ ነው፤ ያ አባቶቻችን አሰብ የተመላለሱበት የድሮ ጭነት መኪና። መነጽር አድርጓል። በክሪክ አነሱኝና ውስጤን ሊያዩ ክዳኑን ከፈቱ። አየር ገባልኝ። አጥሚቱ ዥው ብሎ ወረደ፣ እግሬ ተወራጭቶ አንዱን መካኒክ መብራቱ ላይ መታው። መለኪያ ሰኩብኝ።

«ግፊቱ ግሩም ነው» አለ ኤንትሬው። «ክደኑትና ይሂድ።»

ከደኑኝ፣ ሄድኩ፣ ሐረጎ ላይ ቀጥ አልኩ። መለሱኝ። ጉሮሮዬን ቀየሩ፣ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ሞከሩኝ፣ ግሩም ነው አሉ። ከደኑኝ፣ ቀጥ። እግሮቼን ፈትተው የሌላ ሰው እግር ገጠሙልኝ፤ አንዱ ኳስ ተጫዋች ነበር መሰለኝ ያየውን ሁሉ ይራገጣል። ግሩም ነው። ከደኑኝ፣ ቀጥ።

አላስቻለኝም። «ጌቶቼ፣ ክዳኑ ነው!» አልኩ። «አጥሚቱ በወጣ ቁጥር በምትኩ አየር መግባት አለበት። ክዳኑ ድርግም ካለ ምን ይግባ? ሆዴ አጥሚቱን ጨብጦ ይይዘዋል፤ ቱቦው ቢስብ ቢስብ አይመጣለትም። ከፍታችሁ ስለምትመረምሩኝ ነው ደህና የምመስላችሁ!»

ከዚያ መኪኖቹ በሙሉ በአንድ ጊዜ ጡሩንባቸውን ነፉብኝ።

«ሌባ! ክዳኑን ክፈቱልኝ የሚል ከሌባ ሌላ ማን ነው?»

«እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለች መኪናዬ ነጠላዋን እያጣፋች። «ይመርን ጥሩልኝ። እሱ ይዘለኝ።»

ይመር ዓይኑን ጨፍኖ ከበሩ ሥር ብቅ አለ። ኤንትሬው ደግሞ ትልቁን ቁልፍ አነሳና ደረቴን አንኳኳ። «የዚህ ነገር ከልቡ ነው። ልቡን አውርዱት።» ሰንሰለት ደረቴ ላይ ሲያጠልቁ የብረቱ ቅዝቃዜ ተሰማኝና ጮኼ ነቃሁ።

ስነቃ ግንባሬ ከናፍጣ ታንከሩ ጋር ተጋጨ። የታንከሩ ጎን ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ከላዬ ሰንሰለት ይንቋቋል፤ ታረቀኝ ሞተሩን እንደገና ሊያወርድ እያጠለቀ ነው። ይመር ጋቢና ገብቶ የእኔን ወንበር ለራሱ ቁመት እያስተካከለ ነው።

እትዬ ሩቅያ ሞተሩ በታደሰ ሰሞን ለታንከሩ አዲስ ክዳን አሠርተዋል። ሥሩ ላስቲክ ነው፣ ላዩ ጓጉንቸር፣ ቁልፉ አንገታቸው ላይ። ታረቀኝ ሊመረምር ሲል ይከፍቱለታል፤ እኔ መሪ ስይዝ ይቆልፉታል። በሽታው ታወቀኝ። ግን ሾፌር ሆኜ፣ በዚህ ናፍጣ እንደ ማር በሚፈለግበት ዘመን፣ ምን ብዬ ነው «የታንከሩን ክዳን ክፈቱልኝ» የምላቸው?

እትዬ ሩቅያ አንድ ልማድ አላቸው። ሰው ሕልም ሲነግራቸው አያቋርጡም፤ ያቋረጡት ሕልም ባቋረጠው ሰው ላይ ይደርሳል ብለው ያምናሉ።

«እትዬ፣ ሕልም አየሁ» አልኳቸው ዘይት ከፊቴ እየጠረግሁ።

«ኸይር ያድርገው» አሉና ከመኪናዋ አጠገብ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

በርሜሉን ነገርኳቸው። በጎቹን ነገርኳቸው። አጥሚቱ ላይ ስደርስ እጃቸው አንገታቸው ላይ ወዳለው ቁልፍ ሄደ። መኪኖቹ ሌባ ያሉኝ ላይ ስደርስ ይመር ከጋቢናው አንገቱን አወጣ።

«እትዬ፣ ይሄኮ በሕልም አሳቦ ናፍጣውን...»

«ዝም በል! በራስህ ላይ ልታመጣው ነው?»

እስከ ልቤ መውረድ ድረስ ሰሙኝ። ታረቀኝም ሰንሰለቱን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። እትዬ ሩቅያ ተነሱ፣ ጎንበስ አሉ፣ ጓጉንቸሩን ከፈቱ። ክዳኑ ላላ ሲል ታንከሩ ፉ... ብሎ ረጅም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበ። የሰረጎደው ጎኑ «ዷ!» ብሎ ወጣ። ይመር ከጋቢናው ዘሎ ወረደ።

«አላህ!» አሉ እትዬ ሩቅያ። «ስትታፈን ነው የከረመችው?»

ክዳኑን ላላ አድርገን ሐረጎን ወጣን። እሳቸው ከጎኔ ተቀምጠው አንድ ዓይናቸው መንገዱ ላይ፣ አንዱ በመስታወት ታንከሩ ላይ ነበር። አንድም ጊዜ አልተንገጫገጨችም። ጫፍ ላይ አዙረን ጋራዥ ስንመለስ ታረቀኝን ጠሩት።

«ክዳኑን ብሳው፤ ትተንፍስ።»

ታረቀኝ መሰርሰሪያ አነሳ። እትዬ ሩቅያ አዩትና ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጠን ያለ አነሳ፤ አሁንም ነቀነቁ። በመጨረሻ ሳጥኑን ራሳቸው በርብረው እንደ መርፌ የቀጠነውን አወጡ።

«በዚህ ቀዳዳ ቱቦ ይገባል?»

«አይገባም እትዬ።»

«የእስክሪብቶ ቀፎስ?»

«እሱም አይገባም።»

«እንግዲያው ብሳው» አሉና ጓጉንቸሩን መልሰው ቆለፉ። የመኪናዋን ቁልፍ ግን ወደ እኔ ወረወሩልኝ። «ሂድ ጫን። ደግሞ ሌላ ያየኸው ሕልም ካለ ጭነቱን አድርሰህ ስትመለስ ትነግረኛለህ።»

ከዚህ ሁሉ ከራሴ የጨመርኩት አንዲት ነገር ብቻ ናት። ትናንት ከመኪናዋ ሥር ስጋደም እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።