ማዲያቷን የላጠችው ሙሽራ

ይህ ነገር ወግ ይወጣው እንደሆነ እንጃ። ግን በዚያ በአብዮቱ ሰሞን ለመልኩ የሚጨነቅ ሰው አይታችኋል? እህቴ ዘሐራ ለሠርጓ ብላ ሳምንት ሙሉ ጉንጯን በሎሚ እያሸች ማዲያቷን ላጠችው። ከመካነ ሰላም ወደ ሙሽራው አገር ደጎሎ ስንሄድ የኬላው ጠባቂ የይለፍ ወረቀቷን አነበበ።

«መለያ፣ ጉንጯ ላይ ማዲያት ይላል። የታለ?»

«ወላሂ ጓድ፣ በሎሚ ላጥኩት!»

«ፊት እንደ ድንች ይላጣል እንዴ? የማንን ወረቀት ሰርቀሽ ነው?»

በሰው ወረቀት የተያዘ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። ጠባቂው አሰበና፣ «ፀሐይ ላይ ተቀመጪ፤ ያንቺ ከሆነ ይመለሳል» አላት።

እዚያው ኬላው ላይ ተይዛ የሠርጓ ቀን አለፈ። እኔም በየማለዳው ጉንጯን እያየሁ ማዲያት እንዲያወጣላት ዱዓ አደረግሁ። ወጥቶላት የተለቀቀችው ጥር 29 ቀን 1970 ዓ.ም. ነው።